የምድር ቤቱ ስካር

አባቴ ሰካራም መሆኑን ያወቅኩት በስምንት ዓመቴ ነው። ማንም አልነገረኝም፤ ራሴ ነኝ ያጣራሁት። ያኔም ቢሆን የተነገረኝን ዝም ብዬ የምውጥ ልጅ አልነበርኩም።

ማስረጃ ሞልቶኝ ነበር። ማታ ከሥራ ሲመለስ የመካኒሳ አቦን አቀበት የሚወጣው አጥር እየተደገፈ ነው። ዓይኑ ደም ይመስላል። እማዬ ያልቀለደችውን ቀልድ ሰምቶ ይስቃል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ራሱን በሻሽ ጥፍንግ አድርጎ አስሮ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ራት አይበላም። አንዳንድ ቀን ደጅ ላይ እንዳለ ያስመልሰዋል። ልብሱ ላይ ደግሞ ጣፈጥ ያለ፣ አፍንጫ ውስጥ ገብቶ የሚቀር ሽታ አለ። አረቄ ምን እንደሚሸት አታውቅም እንዳልባል፣ አከራያችን እትዬ አፀደ አረቄ ሻጭ ነበሩ፤ የእሳቸውን ቤት ከእኛ የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። የአባባ ሽታ የእሳቸውን አረቄ አይመስልም። ስለዚህ የሚጠጣው ውድ መጠጥ ነው ብዬ ደመደምኩ። በዚህም ትንሽ ኮርቼ ነበር።

ትልቁ ማስረጃዬ እሑድ ነው። እሑድ አይሰክርም። ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ አኮርዲዮኑን አንግቶ፣ ቀጥ ብሎ ነው ወደ ጸሎት ቤት የሚሄደው። ፈጣሪን የሚፈራው ሳምንት ጠብቆ ነው አልኩ በልቤ። እሑድ የሚሠራበት ማተሚያ ቤት ዝግ መሆኑን አውቅ ነበር። ሁለቱን ነገር ጎን ለጎን ማስቀመጥ ግን አልመጣልኝም። ለነገሩ ለትልልቆቹም አልመጣላቸውም፤ እኔ ቢያንስ ስምንት ዓመቴ ነበር።

አባቴ ኢታና የማተሚያ ማሽን ሠራተኛ ነበር። ማሽኑ ያለው ወደ ላፍቶ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንድ ፎቅ ሥር፣ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ሰማንያዎቹ ሊያልቁ አካባቢ ነው፤ ጋዜጣው፣ መጽሔቱ፣ ፖስተሩ ሁሉ የፈላበት ጊዜ፣ ሥራ አይጠፋም። ማሽኑ በአንድ ጊዜ የሚያትመው አንድ ቀለም ብቻ ነው። ቢጫው ሲያልቅ ቀለም የሚቀባው ሮለር ታጥቦ ቀዩ ይገባል፤ ቀዩ ታጥቦ ሰማያዊው፤ እሱም ታጥቦ ጥቁሩ። ማጠቢያው በበርሜል የሚመጣ፣ እንደ ውሃ የጠራ ፈሳሽ ነው። ጨርቅ ይነከራል፣ በባዶ እጅ ሮለሩ ይጠረጋል፣ ቀለሙ ወዲያው ይለቃል፣ ፈሳሹም ወዲያው ይተናል። ተንኖ የት እንደሚሄድ የጠየቀ የለም። የትም አይሄድም ነበር፤ አቧራ ወረቀቱን እንዳያበላሸው ተብሎ መስኮቱ በላስቲክ ተለጥፏል። በርሜሉ ባዶ ሲሆን ደግሞ ለሠፈሩ ሰው ለውሃ ማጠራቀሚያ ይሰጣል። እኛም ቤት አንድ ነበረን።

ይሄን ሁሉ ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። በልጅነቴ ስለዚያ ምድር ቤት የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ አባባ እንድወርድ አይፈቅድልኝም። ምሳውን ይዤ ስሄድ ደረጃው አፍ ላይ መጥቶ ይቀበለኛል።

"ልውረድ?" እለዋለሁ።

"አይሆንም፣ ራስሽን ያዞርሻል።"

ጠርሙሱን የደበቀው እዚያ ስለሆነ ነው ብዬ አሰብኩ። ራስሽን ያዞርሻል! ከዚህ በላይ እንዴት አድርጎ ይንገረኝ?

አባባ በደርግ ጊዜ "ጴንጤ" ተብሎ፣ ሰው ቤት ተደብቀው ሲዘምሩ ተይዞ የታሰረ ሰው ነው። እስር ቤትም ውስጥ ዘምሯል ይባላል። ደርግ ያላስቆመውን መዝሙር ያስቆመችው እህት ብርነሽ ናት። እህት ብርነሽ ወሬ አታወራም፤ "የጸሎት ርእስ" ነው የምታቀርበው። አንድ ማታ አባባን አጥር ተደግፎ ሲያስመልሰው አየችውና የጸሎት ርእስ አደረገችው። በሳምንቱ የማይጸልይለት አልነበረም።

በቀጣዩ እሑድ፣ ከስብከቱ በኋላ፣ የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ጋሼ ሮበሌ ተነሱ። ረጅም፣ ከረባት የማይለያቸው፣ ሲስቁ ታይተው የማይታወቁ ሰው ነበሩ። "ወንድማችን ኢታና ለጊዜው ከአገልግሎት እንዲያርፍ ተወስኗል" አሉ። አባባ አኮርዲዮኑን ከትከሻው አውርዶ አግዳሚው ላይ አስቀመጠው። የጸሎት ቤቱ ንብረት ነበር።

"አልጠጣሁም" አለ። ተከራክሮ አያውቅም፤ ክርክር የእማዬ ነው።

እማዬ ገዲሴ ሽማግሌዎቹን ቤት ጠርታ አስቀመጠቻቸው። "አፉን የማሸተው እኔ ነኝ ወይስ ብርነሽ?" ብላ ጀመረች። ገና አንዱ ሽማግሌ ጉሮሮውን ሲጠርግ በሩ ተከፈተና እትዬ አፀደ ሳይጠሩ ገቡ። ግድግዳው ስስ ነው፤ ሁሉንም ሰምተዋል።

"እናንተ ሰዎች፣ ለመሆኑ ሰካራም አይታችሁ ታውቃላችሁ?" አሉ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው። "እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስሸጥ ኖሬያለሁ። የሰከረ ሰው ይጣላል፣ ያለቅሳል፣ የሞተ እናቱን ያነሳል። ይሄ ልጅ ከነዚህ አንዱንም አያደርግ። አንድ መለኪያ እኔ ቤት ቀምሶ ቢሆን አቦ ይፍረዱብኝ!"

"እናመሰግናለን እናቴ" አሉ ጋሼ ሮበሌ ወለሉን እያዩ። "ግን የአረቄ ሻጭ ምስክርነት ለእኛ ትንሽ..."

"ታዲያ ስለ አረቄ ማን ይመስክርላችሁ? ወተት ሻጭ?"

እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ በልቤ ፈረድኩባቸው። ተከራያቸውን እየሸፈኑ ነው አልኩ። ሽማግሌዎቹም ያሰቡት ይህንኑ ነው፤ ይሄ ስለ እነሱ አንድ ነገር ይናገራል።

በመጨረሻ እማዬ አንድ ሐሳብ አመጣች። "ጋሽ ሮበሌ፣ ሥራ ቦታው ይሂዱና ራስዎ ይዩት። የሚጠጣ ከሆነ የሚጠጣው እዚያ ነው። ጠርሙሱን ካገኙት እኔ ራሴ አስወጣዋለሁ።" አባባ ቀና ብሎ አያትና ፈገግ አለ። ጋሼ ሮበሌ እሺ አሉ።

ነሐሴ ነበር። ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ መንገድ መሪዋ እኔ ሆንኩ። ምሳ ዕቃውን ይዤ፣ ጋሼ ሮበሌ ጃንጥላቸውን ይዘው፣ በጭቃው እየዘለልን ሄድን። ማተሚያ ቤቱ የአዲስ ዓመት ካላንደር ላይ ነበር፤ ካላንደር ባለ ብዙ ቀለም ስለሆነ ማሽኑ ሲታጠብ ነው የሚውለው። ዝናቡ እንዳይገባ የምድር ቤቱ በርም ተዘግቷል። ከአባባ ጋር ማሽኑን የሚጋራው ወጋየሁ መጥቶ ከፈተልን። እኔን "ወይዘሮ ዝማሬ" እያለ ነው የሚጠራኝ።

"ወይዘሮ፣ ዛሬ ደግሞ ከጠበቃ ጋር ነው የመጣሽው?"

"ጠጅ አሽታች ናቸው" አልኩት። ከእማዬ የሰማሁት ነው። ጋሼ ሮበሌ አልሳቁም። ወጋየሁ በሩን ከኋላቸው ዘጋና ይዟቸው ወረደ። እኔ ደረጃው አፍ ላይ፣ በሩን ተደግፌ ቀረሁ።

የማሽኑን ጩኸት እሰማለሁ። ይቆማል፤ ሲቆም እየታጠበ ነው፤ ያ ጣፋጭ ሽታ በበሩ ሥር እየተሳበ ይመጣል። እንደገና ይነሳል። ዝናቡ ሲያባራና ሲመለስ ቆየ። ጋሼ ሮበሌ ቶሎ የሚወጡ መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን አጣርተው ሊወጡ ቆርጠው ስለነበር ወንበር አስመጥተው ማሽኑ አጠገብ ተቀምጠው ነበር፤ የአባባን እጅ እየተከታተሉ።

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት ከረባታቸውን ነው። ተፈትቶ ትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሏል። አባባ በብብታቸው ገብቶ ደግፏቸዋል። ጋሼ ሮበሌ ደረጃው ላይ ተቀመጡ፣ ጫማቸውን አዩና ሳቁ። ሳቁ! የላይኛው ድዳቸው ሮዝ መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

"ዝማሬ" አሉኝ፣ "ይሄ ደረጃ ስወርድ እንዲህ ረጅም ነበር?"

"አየር ይውሰዱ፣ ጋሼ" አላቸው አባባ። "መጀመሪያ እንደዚህ ነው፤ ይለቅዎታል።"

እሳቸው ግን መዝሙር ጀመሩ፤ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሲደርሱ ጃንጥላውን ጥለው ወደ ቦዩ ጎንበስ አሉና አስመለሱ። ልብሳቸው እንደ አባባ ልብስ ይሸታል። ወጋየሁ ከውስጥ ሆኖ በሳቅ ሊሞት ነው።

ጉዳዩ ለእኔ ከዚህ በላይ ግልጽ ሊሆን አይችልም። እየሮጥኩ ቤት ሄድኩ።

"እማዬ! አባባ ለጋሼ ሮበሌም አጠጣቸው! ሰክረዋል!"

እማዬ ልብስ እያጠበች ነበር፤ ከዚያ ከማተሚያ ቤቱ በርሜል በተቀዳ ውሃ። መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ። የታጠበ ሸሚዝ በእጇ እንደያዘች "ምን ምን ይሸታሉ?" አለችኝ።

"እንደ አባባ።"

ሸሚዙን ሳትጨምቀው ገመዱ ላይ ወረወረችው። በማግስቱ አብሬያት ጋሼ ሮበሌ ቤት ሄድኩ። ከረባታቸው ቦታው ተመልሷል።

"ጠርሙስ አገኙ?" አለቻቸው ሳትቀመጥ።

"ጠርሙስ አላየሁም።"

"ሌላስ?"

"ቁርስ ሳልበላ ነው የወጣሁት። ደም ግፊትም አለብኝ፣ እህት ገዲሴ።"

"እንግዲያው እሑድ ይህንኑ ለጉባኤው ይንገሩልኝ። ገብቼ አየሁ፣ የሚጠጣ የለም፣ ስወጣ ግን እኔም ተንገዳግጃለሁ ይበሉ። ወይስ እርስዎም ከአገልግሎት ይረፉ?"

ጋሼ ሮበሌ ከረባታቸውን ነካኩ። "ጌታ ጊዜ አለው" አሉ።

"ጌታስ አለው። የእኔ ባል ግን በየሳምንቱ ጸሎት ቤቱ በር ሥር ተቀምጦ ሲያፍር እያየሁት ነው።"

እሑድ መጣ፤ ጋሼ ሮበሌ ስለ ሕንፃ ማሠሪያ መዋጮ ተናገሩና ተቀመጡ።

መስከረም ላይ የአባባ ዓይን ቢጫ ሆነ። ቀጥሎ መዳፉ፣ ቀጥሎ ፊቱ። ገላውን ያሳክከው ጀመር፤ እስኪደማ ያካል። እኔ በዚህም ላይ የራሴ ማብራሪያ ነበረኝ፦ ካላንደሩ ላይ የሚታተመው የመጀመሪያው ቀለም ቢጫ ነው፤ በደንብ ሳይታጠብ ገብቶበታል። እትዬ አፀደ "የወፍ በሽታ ነው፤ የሌሊት ወፍ በላዩ በርራበት ነው፤ መድኃኒቱን የሚያውቅ ሰው አለኝ" አሉ። እህት ብርነሽ "ጉበት ነው" አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ጉበት ካሉ ሌላ ማለት አያስፈልግም፤ ጉበት የሚታመመው ማን እንደሆነ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ትልቁ ሆስፒታል የሄዱት አባባና እማዬ ናቸው። ሐኪሙ የጠየቀውን እማዬ ብዙ ጊዜ ነግራኛለች።

"መጠጥ ትወስዳለህ?"

"አልወስድም።"

"እውነቱን ንገረኝ፣ እኔ ሐኪም ነኝ።"

"አልወስድም።"

"ሥራህ ምንድን ነው?"

"ማተሚያ ቤት።"

"ጥሩ" አለ ሐኪሙና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ።

በኋላ ሆዱን ከፍተው አይተው መልሰው ሰፉት። የሐሞት መውረጃ ቱቦው ላይ ካንሰር ወጥቶበት ዘግቶታል፤ ቢጫው መሄጃ ያጣ ሐሞት ነው። በዚህ ዕድሜ ብዙም አይታይም ብለው ለእማዬ ነገሯት። አባባ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነበር።

እኔ ትምህርት ስምንተኛ ክፍል ላይ አቁሜያለሁ፤ የቀረውን ያስተማርኩት ራሴን ነው፤ አስተማሪዬም ሰነፍ አልነበረችም። የዛሬ ጥቂት ዓመት ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ አንድ ኢንተርኔት ቤት ተቀምጬ፣ መዝገበ ቃላት ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ጃፓን ውስጥ ስላሉ የአንድ ማተሚያ ቤት ሠራተኞች አነበብኩ። ገና በወጣትነታቸው፣ አንዱ ሌላውን እየተከተለ፣ ይህንኑ የሐሞት ቱቦ ካንሰር ታመሙ። የሚሠሩት አየር በማይገባበት ክፍል ውስጥ ነው፤ ጥፋተኛ ሆኖ የተገኘው ቀለሙን የሚያጥቡበት ፈሳሽ ነው። የእኛው በርሜል ውስጥ የነበረው እሱው ይሁን ሌላ ማረጋገጥ አልችልም። ማንም ስላልመረመረው የሚያረጋግጥልኝ የለም። የማውቀው፣ ወጋየሁም አባባ ከሞተ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ቢጫ መሆኑን ነው። እሱም አይጠጣም ነበር ለማለት አልችልም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቢራ ይወድ ነበር። ስለዚህ የእሱን ለማስረዳት ማንም አልተቸገረም።

ታኅሣሥ ላይ ሽማግሌዎቹ አባባን ሊጠይቁ መጡ። አልጋው ላይ አጥንት ሆኗል፤ ዓይኑ ብቻ ያበራል፣ እሱም በቢጫ። የመጡት በደግነት ነው፤ ይህን አልክድም። ጸለዩ፤ ብርቱካን አስቀመጡ። ከዚያ አንዱ ሽማግሌ አልጋው አጠገብ ተንበረከከ።

"ወንድም ኢታና፣ ሸክምህን አራግፍ። አንድ ቃል ነው። ወድቄ ነበር በል፤ ነገውኑ ወደ ኅብረታችን ትመለሳለህ። መዘምራኑን እዚሁ ይዘናቸው እንመጣለን፤ አብረሃቸው ትዘምራለህ።"

አባባ መዝሙሩን እንዴት እንደፈለገው አየሁ። እማዬ ወደ ጋሼ ሮበሌ ዞረች። "እስቲ እርስዎ ይናገሩ።" ጋሼ ሮበሌ ሳሉ።

እኔ ወደ አልጋው ተጠግቼ ጆሮው ላይ "አባባ፣ በቃ በላቸው" አልኩት። መዘምራኑ እንዲመጡለት ነበር የፈለግኩት፤ ያለቀ ነገር ላይ ለምን እንደሚደርቅ አልገባኝም።

"አንቺም?" አለኝ። ቁጣ አልነበረውም።

ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። "ያልጠጣሁትን ከየት አምጥቼ ልትፋው?"

መዘምራኑ አልመጡም። አባባ በጥር ሞተ።

የቀብሩ ቀን የሕይወት ታሪኩን ሊያነቡ የተነሱት ጋሼ ሮበሌ ናቸው። የተወለደበትን የወለጋ መንደር አነበቡ፤ እስሩን አነበቡ፤ የባል ደግ፣ የአባት ደግ መሆኑን አነበቡ። "በመጨረሻ ዘመኑም" ብለው ቀጠሉ፣ "በፈተና ወድቆ ሳለ፣ ጌታ በምሕረቱ ንስሐ..."

"አልገባም" አለች እማዬ።

ሴቶቹ የምታለቅስ መስሏቸው ሊይዟት ሞከሩ። አስለቀቀቻቸው። "ንስሐ አልገባም። የሚገባበት ነገር አልነበረውም። ጋሽ ሮበሌ፣ ባሌን ዋሽቶ ሞተ አሰኝተው አያስቀብሩትም። ወይ የሚያውቁትን ይናገሩ፣ ወይ ወረቀቱን አጥፈው ይቀመጡ።"

ጋሼ ሮበሌ ወረቀቱን አጠፉት፤ ግን አልተቀመጡም። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ነሐሴ ላይ ሥራ ቦታው ሄጄ ነበር" አሉ። "እዚያ ጠርሙስ የለም። ምንም ነገር ሳልቀምስ ግን ስወጣ ሰክሬ ነበር፤ እንደ ሕፃን ደግፎ ያወጣኝ ኢታና ነው። ለማንም አልነገረብኝም። እኔ አፍሬ ዝም አልኩ። ንስሐ የሚገባው እኔ ነኝ።"

እህት ብርነሽ መሬት ላይ ተቀምጣ ጮኸች። በሕዝቡ መሐል ወጋየሁ እጁን እንደ ተማሪ አወጣ።

"እኛ እኮ ሁላችንም እንደዛ ነው የምንወጣው!" አለ። "ማጠቢያው ነው! ጭንቅላት ላይ ይወጣል። የእኔም ሚስት መጀመሪያ ጠርጥራኝ ነበር፤ አሁን ለምዳዋለች።"

ከልቅሶው መሐል ሳቅ መጣ፤ ደግ ሳቅ፣ የተገላገለ ሰው ሳቅ። እትዬ አፀደ "አላልኳችሁም? አላልኳችሁም?" እያሉ ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ ያዩአቸው ነበር። ጋሼ ሮበሌ እማዬን አቅፈው አለቀሱ። መዘምራኑ ሳይታዘዙ ጀመሩ። እማዬ ያን ቀን ከማንም በላይ ረዝማ ቆመች። የባሏ ስም ነጻ ወጥቷል። ሁላችንም፣ እኔም ጭምር፣ ነገሩ ያለቀ መሰለን።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ሰው ገና ሳይቀመጥ ወጋየሁ ሊሄድ ተነሳ።

"እህል ሳትቀምስ?" አለችው እማዬ።

"ጥር እኮ ነው፣ ገዲሴ። የሠርግ ካርድ ተከምሮ እየጠበቀኝ ነው። ኢታናም የለ፤ ብቻዬን ነኝ። ቀዩን አትሜ ነው የመጣሁት፣ ገና ማሽኑን አላጠብኩም።"

"በርታ እንግዲህ" አለችው።

እትዬ አፀደ ወጥ ያለበት እንጀራ ጠቅልለው እጁ ላይ አስያዙት። ጥፍሮቹ ሥር ቀዩ ቀለም አለ። እየጎረሰ፣ ለእኔም "ቻው ወይዘሮ" ብሎኝ፣ ቁልቁል ወደ ማተሚያ ቤቱ ሄደ።